ቁልቁለቱን ሳንቆርጥ፦ የአንድ ብረት ቤት የሥራ ማስታወሻ

መጀመሪያ መሬቱ

ቦታው ቁልቁለት ነው። በየ4 ሜትሩ 1 ሜትር ይወርዳል። ላይኛው ጥግ ላይ ከአፈር ብቅ ያለ አለት አለ። ታችኛው ጎን ላይ ደግሞ ግንዱ ግማሽ ሜትር የሚሆን ትልቅ ዛፍ ቆሟል። በመሀል ዝናብ ሲጥል ውሃ የሚወርድበት ጠባብ መስመር አለ፤ ሲደርቅ ግን ሣር ብቻ ስለሚታይ ልብ የሚለው የለም።

ቦታውን ያየ ሰው ሁሉ የሚመክረኝ አንድ ነገር ነው፦ «ቆርጠህ ደልድለው።» ዶዘር ይገባል፣ ከላይ ይቆረጣል፣ ከታች ይሞላል፣ ሜዳ ይሆናል። ቀላል ይመስላል፤ ሒሳቡ ሲሠራ ግን ሌላ ነው። 8 ሜትር ስፋት ያለው ሜዳ ለማውጣት በላይኛውና በታችኛው ጫፍ መካከል ያለውን የ2 ሜትር ልዩነት ማጥፋት ያስፈልጋል። ግማሹን ቆርጠው ግማሹን ቢሞሉት ላይም ታችም ደጋፊ ግንብ ይመጣል። ከግንቡ ጀርባ ውሃ ይጠራቀማል። መውጫ ካልተበጀለት ግንቡን የሚገፋው አፈሩ ብቻ አይደለም፣ ውሃውም ነው። የተሞላው አፈር ደግሞ የቱንም ያህል ቢጠቀጠቅ ከነባሩ አፈር እኩል አይሰምጥም። ግማሹ ቤት ነባሩ ላይ፣ ግማሹ ሙሌቱ ላይ ሲያርፍ ስንጥቁ የት ጋ እንደሚወጣ መገመት አያቅትም።

ብረት የገባው በዚህ ምክንያት ነው። ዘመናዊ ስለሚመስል አይደለም፤ እውነቱን ለመናገር ጥቁር ቀለም የተቀባ ቢም (አግድም የብረት ተሸካሚ) ያለበት ቤት ማየት ሰልችቶኛል። ብረት የፈለግኩት ቤቱ መሬቱን በ6 ነጥብ ብቻ ነክቶ እንዲቆም ስለሚያስችል ነው። የቀረው መሬት እንዳለ ይቆያል።

ቀያሹ የከፍታ መስመሮቹን በየ50 ሳንቲሜትሩ አውጥቶ ሰጠኝ። ጥሩ ካርታ ነው፣ ግን ውሃው አልተሣለበትም። ስለዚህ ከባድ ዝናብ ጠብቄ ጃንጥላ ይዤ ወጣሁ። ውሃው የሄደበትን ሁሉ በካስማ ምልክት አደረግኩበት። ሲያባራ ካስማዎቹን በሲባጎ አያያዝኳቸው። ካርታውን ላየ ሰው ውሃው ቀጥ ብሎ የሚወርድ ይመስላል። ሲባጎው ግን አለቱን ዞሮ ወደ ቀኝ ይታጠፍና የቦታውን ሁለት ሦስተኛ አልፎ ነው የሚወርደው። ይህቺ እጥፋት በኋላ ብዙ ነገር ወስናለች።

ለዛፉ ደግሞ በዛፍ ጥበቃ ሥራ የተለመደ ስሌት አለ። የግንዱ ውፍረት በ12 ይባዛል። 50 ሳንቲሜትር ግንድ ካለ እስከ 6 ሜትር ዙሪያው አይቆፈርም ማለት ነው። ሰው ሥር ሁሉ ወደ ታች የሚወርድ ይመስለዋል። አብዛኛው ሥር ግን ላይኛው 60 ሳንቲሜትር አፈር ውስጥ ወደ ጎን ነው የሚሄደው። ኖራ አምጥቼ ክቡን መሬት ላይ አሠመርኩት። ነጭ መስመሩን ሳየው የቤቱ ቦታ ግማሽ በግማሽ ተወስኖ አገኘሁት።

ስፓን

ወረቀት ላይ የነበረው የመጀመሪያው ፍርግርግ 6 በ6 ነው። ቋሚዎቹ በየ6 ሜትሩ፣ ቁጥሩም ክብ፣ ለክፍል አከፋፈልም የሚመች። መሬት ላይ ሲለካ ግን ከአለቱ ጫፍ እስከ ኖራው መስመር ያለው 5 ሜትር ከትንሽ ነው። ታችኛው ረድፍ 6 ሜትር ላይ ቢወርድ ሁለት ጉድጓድ ሥሩ ውስጥ ይገባል።

መሐንዲሷ ግን 6 ሜትሩን የጠላችው በሌላ ምክንያት ነው። የወለል ቢሞቹ በየ1.67 ሜትሩ ነው የሚደረደሩት። በእያንዳንዱ ላይ በየሜትሩ ወደ 5 ኪሎ ኒውተን ጭነት ያርፋል፤ ግማሽ ቶን በሉት። አይ ፒ ኢ 200 የሚባለው ቢም፣ ቁመቱ 20 ሳንቲሜትር የሆነው፣ 6 ሜትር ላይ ሲዘረጋ ጭነቱን ያለ ችግር ይሸከማል። ከአቅሙ ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው የሚጠቀመው። ችግሩ መርገቡ ነው፤ መሀሉ ላይ ወደ 21 ሚሊሜትር ይወርዳል። ለወለል የተለመደው ወሰን የስፓኑ፣ ማለትም ቢሙ ከድጋፍ እስከ ድጋፍ የሚዘረጋበት ርዝመት፣ 1/360 ነው፤ ለ6 ሜትር ከ17 ሚሊሜትር አይበልጥም።

«አይወድቅም» አለች ኢንጂነሯ። «ግን ሰው ሲራመድበት ይሰማዋል። ንጣፉም ይሰነጠቅብሃል።»

5 ሜትር ላይ ያው ቢም ምን ያህል ይረግባል? 10 ሚሊሜትር ገደማ። ስፓኑ በአንድ ሜትር ብቻ አጥሮ መርገቡ በግማሽ ቀነሰ። መርገብ የሚያድገው በስፓኑ አራተኛ ርቢ ስለሆነ ነው። ብረት ቤት ለመሥራት የሚያስብ ሰው አንድ ቀመር ብቻ በቃሉ መያዝ ካለበት ይሄኛውን ይያዝ። ብዙ ሰው «ቢሙን አወፍረው» ይላል። ከማወፈር በፊት ስፓኑን አንድ ሜትር መቀነስ ይቻል እንደሆነ መጠየቅ ይቀላል፣ ይረክሳልም።

በዚህ መልኩ ዛፉና ሒሳቡ ተስማሙ። ቁልቁለቱን ተሻግሮ 5 እና 5፣ ወደ ታች 5። ከታችኛው ረድፍ አልፎ ወለሉ 1.5 ሜትር በአየር ላይ ይወጣል። ያ የወጣው ክፍል በሥሩ አናት ላይ ያልፋል እንጂ ምንም አይነካም። የቤቱ ወለል 10 በ6.5 ሆነ። ሳሎኑ እኔ ካሰብኩት ጠበበ፤ ግን መስኮቱ ከዛፉ ቅርንጫፍ እኩል መጣ።

ይህን ስሠራ የኢምስ ቤት ትዝ ይለኛል። ዲዛይነሮቹ ባልና ሚስት ቻርልስና ሬይ ኢምስ እ.ኤ.አ. በ1949 ካሊፎርኒያ ውስጥ የጨረሱት የብረት ቤት ነው። የመጀመሪያው ንድፍ ከኮረብታው ወጥቶ በመስኩ ላይ እንደ ድልድይ የሚንሳፈፍ ነበር። ብረቱ እስኪመጣ ሲጠብቁ መስኩን ወደዱት። ንድፉን ቀይረው ቤቱን ከባሕር ዛፎቹ ጀርባ፣ ኮረብታው ሥር አስጠጉት። የታዘዘው ብረት ለመጀመሪያው ንድፍ ነበር፤ በአብዛኛው ያንኑ አዲሱ ቤት ላይ አዋሉት። የሚገርመኝ ግን እነሱ የመረጡት ከእኔ ተቃራኒ መሆኑ ነው። ኮረብታውን ቆርጠው ረጅም የኮንክሪት ደጋፊ ግንብ ሠርተዋል። ለእነሱ መትረፍ ያለበት መስኩ ነበር፤ ለእኔ ውሃውና ሥሩ። መሬትን ማክበር ሁልጊዜ ከፍ ብሎ መቆም አይደለም።

አጭሩ ቋሚ

በዚህ ሥራ ከሁሉም በላይ ያነጋገረን ጉዳይ ይሄ ነው። ወለሉ ውሃ ልክ፣ መሬቱ ቁልቁለት። ስለዚህ ላይኛው ረድፍ ላይ ቋሚዎቹ ከመሠረት እስከ ወለል 60 ሳንቲሜትር ናቸው፤ ታችኛው ረድፍ ላይ 1 ሜትር ከ80። ለዓይን ረጅሞቹ ናቸው የሚያሳስቡት። ቀጭን፣ ረጅም፣ ከታች ባዶ። ጎብኚ ሁሉ እነሱን ነው የሚነካካው።

መሬት ሲንቀጠቀጥ ወይም ነፋስ ቤቱን ወደ ጎን ሲገፋ ግን አደጋው ያለው አጭሮቹ ጋ ነው። ወለሉ አንድ ላይ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ሁሉም ቋሚ እኩል መንገድ መሄድ አለበት። የቋሚ ግትርነት ደግሞ ከቁመቱ ሦስተኛ ርቢ ጋር ይገላበጣል። ቁመቱ በሦስት እጥፍ ያጠረው ቋሚ 27 ጊዜ ይገትራል። አራት ሰዎች ወንበር ተሸክመው ሲወዛወዙ አንዱ ብቻ አልነቃነቅም ብሎ ቢገትር ሸክሙ ሁሉ እሱ ላይ ይወድቃል፤ አጭሩ ቋሚም እንደዚያው ነው። በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ቁልቁለት ላይ ያሉ ቤቶች መጀመሪያ የሚሰበሩት ላይኛው ጎናቸው ላይ የሆነው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ሁለት ክፍል አለው። አንደኛ፣ አጭሮቹ ቋሚዎች ከታች እንዲታጠፉ ተደረገ። ወፍራም ቤዝ ፕሌት (የቋሚው እግር የሚያርፍበት የብረት ሰሌዳ) በአራት ብሎን ጥርቅም አድርጎ ከማሰር ይልቅ ሁለት ብሎን መሀል ላይ ብቻ። ቋሚው ክብደት ይሸከማል፤ ወደ ጎን ሲገፋ ግን እግሩ ላይ ትንሽ ይዞራል እንጂ አይገትርም። ሁለተኛ፣ የጎን ግፊቱን የሚይዝ ሌላ ነገር ተሰጠው፤ በቋሚዎቹ መካከል በኤክስ ቅርጽ የሚወጠሩ የብረት ዘንጎች።

ዘንጎቹ የት ይሁኑ? እዚህ ጋ ሲባጎው ተመልሶ መጣ። ውሃው በቀኝ በኩል ባለው ክፍተት ስለሚያልፍ እዚያ ኤክስ ቢወጠር ቅጠሉም ጭራሮውም እላዩ ላይ ይጠራቀማል። አንድ ወቅት ሳይቆይ ግድብ ይሆናል። ስለዚህ ኤክሱ በሙሉ ወደ ግራው ክፍተት ሄደ። ከመንገድ ሲታይ ቤቱ ሚዛኑ የተዛባ ይመስላል፤ ግራው የታሰረ፣ ቀኙ ክፍት። አንድ ጓደኛዬ «ለምን በሁለቱም በኩል አታደርገውም፣ ያምር ነበር» አለኝ። ያምር ነበር። ግን ውሃው ያልፋል።

መሠረት

በፍጥነት አለፈ። አምስት ጉድጓድ፣ አንድ አለት። አለቱ ላይ አልተቆፈረም፤ በመሰርሰሪያ ተበስቶ፣ ቀዳዳው በአየር ተነፍቶ፣ ፌሮው በኤፖክሲ (ጠንካራ ማጣበቂያ ነው) ተተከለ። አቧራው ተጠርጎ ካልወጣ ኤፖክሲው አቧራውን ነው የሚይዘው እንጂ አለቱን አይደለም። ሠራተኞቹ ሲነፉ ቆሜ አየሁ።

ቋሚውን ከኮንክሪቱ ጋር የሚይዙትን አንከር ብሎኖች በተመለከተ፦ ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት የቤዝ ፕሌቱ ቀዳዳዎች ልክ በኮምፔንሳቶ ተቆርጦ ብሎኖቹ በእሱ ተያዙ። ኮንክሪቱ ሲፈስ ብሎን ይገፋል፣ ሰው ይረግጠዋል። ኮምፔንሳቶው ባለበት ይይዘዋል።

ሁሉም የኮንክሪት እግር ከመሬት 30 ሳንቲሜትር ከፍ ይላል፤ አናቱ ደግሞ ዙሪያውን ወደ ውጭ ያጋደለ ነው። ብረት ቋሚ አፈር ውስጥ ሲገባ የሚበሰብሰው አፈርና አየር የሚገናኙበት መስመር ላይ ነው፤ እርጥበቱም ኦክስጅኑም ያለው እዚያ ነውና። ብረቱ ከአፈር ጋር ጭራሽ ካልተገናኘ ጉዳዩ ያበቃል።

ስለ ከፍታ ካነሳሁ አይቀር፣ አርክቴክቱ ሚስ ቫን ደር ሮሄ እ.ኤ.አ. በ1951 ኢሊኖይ ውስጥ የጨረሰው ፋርንስዎርዝ ቤት ከፎክስ ወንዝ ዳር ነው ያለው። ጎርፉ ታስቦ ወለሉ ከመሬት ወደ 1.6 ሜትር ከፍ ብሎ ነው የተሠራው። ስምንት ነጭ የብረት ቋሚ፣ መስታወት፣ ሌላ ምንም። ቋሚው ከወለሉ ጋር የተበየደበት ቦታ ተሞርዶ ጠፍቷል፤ ሁለቱ ብረቶች እንዲሁ ተነካክተው የቆሙ ነው የሚመስለው። በ1954 ውሃው ወለሉን አልፎ ገባ። በ1996ም በ2008ም ገባ። ቤቱ እንደሆነ አሁንም ያምራል። እኔ ግን ከእሱ የወሰድኩት የብየዳውን ጥራት ነው፤ ለከፍታው የራሴን ውሃ ምልክት ነው ያመንኩት።

ወርክሾፕ

በያጁ ጋሼ እዚህ ሥራ ላይ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነው። ዕቅዱን ሲያይ ፊቱ አልተፈታም። ሁሉም መገጣጠሚያ ብሎን ነው።

«ብሎን የሚላላ ነገር ነው» አለኝ። «ብየዳ ግን ያዘ ማለት ያዘ ነው። እዚያው ወስደን እንበይደው።»

«ጋሼ፣ እዚያ ስንበይደው ዚንኩ ይቃጠላል እኮ።»

«ቀለም እንቀባበታለን።»

ክርክሩ ብዙ ቆየ፤ ሁለታችንም በከፊል ልክ ነበርን። ብረቱ ከተበየደና ከተበሳ በኋላ 450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሚሞቅ የቀለጠ ዚንክ ውስጥ ይነከራል። ዚንኩ ከላይ የተቀባ አይደለም፤ ከብረቱ ጋር ይዋሃዳል። ቢጫርም ዙሪያው ያለው ዚንክ ከብረቱ ቀድሞ እየተበላ ይከላከልለታል። ከዚህ በኋላ ሜዳ ላይ የሚበየድ እያንዳንዱ ስፌት ያን ልባስ ያቃጥላል፤ ጭሱም ለበያጁ ጥሩ አይደለም፤ ማታ ማታ ያንቀጠቅጣል፣ ያተኩሳል። ይህን ስናገር ጋሼ ራሱን ነቀነቀ። ያውቀዋል።

ስለዚህ ተስማማን። ብየዳ ሁሉ ወርክሾፕ ውስጥ፣ ሜዳ ላይ ብሎን ብቻ። እሱም አንድ ነገር አስጨመረ፤ ንዝረት ያለበት ቦታ ሁሉ ድርብ ዳዶ።

ቋሚዎቹ ቱቦላሬ ናቸው፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት፣ 120 በ120 ሚሊሜትር። ቱቦላሬ ወደ ዚንክ ሲገባ ሁለቱ ጫፎቹ ተደፍነው ከሆነ ውስጡ የቀረው አየርና እርጥበት በዚያ ሙቀት ይፈነዳል። ስለዚህ ጫፍና ጫፉ ላይ፣ ሰያፍ ለሰያፍ፣ መተንፈሻ ቀዳዳ ይበሳል። አንዱ አየሩ የሚወጣበት፣ ሌላው ዚንኩ የሚገባበትና የሚንጠፈጠፍበት። ጋሼ ቀዳዳውን ከበሳ በኋላ አንድ በአንድ ጣቱን እየከተተ አጣራ። ግራይንደሩ የተወው ስንጥር ካለ በሞረድ ይልገዋል። ስንጥሩ ላይ ዚንክ ይንጠለጠልና በኋላ ብሎኑን አያስገባም።

የነካሪው ገንዳ ርዝመትም ገደብ ነው። 6.5 ሜትሩ ቢም ስለሚገባ ነው በአንድ ቁራጭ የተውነው። ከዚያ ቢረዝም ኖሮ ወለሉ ላይ አንድ መገጣጠሚያ ይጨመር ነበር። ንድፍ ስትሠራ እንዲህ ያለውን ነገር ቀድመህ ካልጠየቅክ በኋላ ገንዳው ራሱ ይነግርሃል።

የኤም 16፣ ማለትም 16 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ ብሎን ቀዳዳ 18 ሚሊሜትር ነው የሚበሳው። 2 ሚሊሜትሯ ለዚንኩ ውፍረትና ለሰው እጅ ናት።

ማቆም

ክሬን አይገባም። መንገዱ ከላይ በኩል ያበቃል፤ ከዚያ በታች ዛፍና ቁልቁለት ነው። ይሄም ንድፉን ከመጀመሪያው ወስኖታል። የወለሉ ቢም በሜትር 22.4 ኪሎ ነው፤ 6.5 ሜትሩ 146 ኪሎ ገደማ። ከባዱ ቁራጭ በቋሚዎቹ መካከል የሚዘረጋው ዋናው ተሸካሚ ነው፤ አይ ፒ ኢ 270፣ 5 ሜትሩ 180 ኪሎ። ስድስት ሰው ያወርደዋል፣ በሰንሰለት ማንሻ ይሰቀላል። ከዚህ የሚከብድ ቁራጭ ዕቅዱ ላይ የለም።

ቋሚዎቹ በማስተካከያ ዳዶ ላይ ተቀመጡ። ከቤዝ ፕሌቱ በታች ያለው ዳዶ ሲዞር ቋሚው በሚሊሜትር ከፍና ዝቅ ይላል። በቱምቢ ቀጥ እስኪል፣ በውሃ ልክ እስኪስተካከል ድረስ ምንም ብሎን አልተጠበቀም። ሁሉም በእጅ ብቻ ተይዞ ይወዛወዛል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ይደነግጣል። አንዱን ጥግ ቀድሞ ማጥበቅ ግን ስህተቱን ወደ ሌላኛው ጥግ መግፋት ነው።

ማዕዘኑ ልክ መሆኑን የምናውቀው በሰያፍ ነው። 10 በ5 የሆነ አራት ማዕዘን ሰያፉ 11 ሜትር ከ18 ሳንቲሜትር ነው። በሁለቱም በኩል ያው ከመጣ ማዕዘኑ ልክ ነው። የሚለካውም በጠዋት ነው። ብረት በፀሐይ ይለጠጣል፤ 10 ሜትር ብረት 30 ዲግሪ ሲሞቅ 3.6 ሚሊሜትር ይረዝማል። አንዱ ወገን ፀሐይ፣ ሌላው ጥላ ላይ ሆኖ እኩለ ቀን ላይ ሲለካ ሰያፎቹ አይስማሙም። ሠራተኞቹም እርስ በርስ አይስማሙም።

ሰያፉ ሲገጥም ኤክሶቹ ተወጠሩ፣ ብሎኖቹ ጠበቁ፣ ከቤዝ ፕሌቱ ሥር ያለው ክፍተት በማይጨማደድ ግራውት (የሚፈስ የሲሚንቶ ድብልቅ) ተሞላ። ከዚያ በፊት ቤቱ የቆመው በብሎኖቹ ላይ ብቻ ነበር።

ብርድና ጠል

ብረት ሙቀት ያስተላልፋል። ከእንጨት ጋር ሲነጻጸር ወደ 400 እጥፍ ይሆናል። ከውጭ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ቢም ካለ ብርዱ በእሱ ላይ ተሳፍሮ ይገባል። ብርድ ብቻ ቢሆን ይቻላል፤ ዋናው ችግር ጠሉ ነው። ክፍሉ 22 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 60 ከመቶ ከሆነ፣ 14 ዲግሪ ገደማ የሆነ ማንኛውም ገጽ ላይ ውሃ ይቋጥራል። ኮርኒስ ውስጥ ሆኖ ማንም ሳያየው ይንጠባጠባል። በኋላ ሰው «ጣሪያው ያፈሳል» ብሎ ጣሪያ ያስፈታል።

የያዝነው ደንብ ቀላል ነው። ብረቱ ወይ ሙሉ በሙሉ ውጭ ነው፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ውስጥ። የወለሉ ቢሞች በሙሉ ውጭ ናቸው፤ ከወለሉ ሥር፣ አየር ላይ። በእነሱ ላይ የእንጨት አግዳሚ፣ በአግዳሚዎቹ መካከል የሙቀት መከላከያ። የቤቱ ቋሚዎች ደግሞ በሙሉ ውስጥ ናቸው። ሁለቱ የሚገናኙበት፣ ወለሉ ጋ፣ ቋሚው ተቆርጦ በመካከሉ ሙቀት የማያሳልፍ ጠንካራ የፕላስቲክ ሰሌዳ ገብቶበታል። ብሎኖቹም በፕላስቲክ ሮንዴላ ያልፋሉ። በዚህ መንገድ ስድስት ቦታ ላይ ብቻ ተጨነቅን። በረንዳው ከወለሉ ቢም ተራዝሞ የወጣ ቢሆን ኖሮ በግድግዳው ርዝመት ሁሉ ሰባት ተጨማሪ ቦታ ላይ ነበር የምንጨነቀው። በረንዳው ለብቻው፣ ከታች በኩል ተንጠልጥሏል።

እሳትን በአጭሩ፦ ብረት አይቀጣጠልም፤ ግን 600 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ጥንካሬው ከግማሽ በታች ይወርዳል። ውስጥ ያሉት ቋሚዎች በሁለት ንብርብር ጂፕሰም ቦርድ ተሸፈኑ። ብረቱ እንዲታይ የሚፈልግ ሰው በእሳት ጊዜ የሚያብጥ ቀለም አለ። እኔ እንዲታይ አልፈለግኩም።

ጣሪያ፣ ፀሐይና 3,600 ሊትር

ጣሪያው አንድ ወገን ያለው ነው፤ ከላይ ወደ ታች ከቁልቁለቱ ጋር አብሮ ያጋድላል። ቆርቆሮው ሥር መከላከያው ክፍተት ሳይተው ተጣብቆበታል። ዝናብ ሲመታው የሚጮኸው የሚንቀጠቀጠው ላሜራ ነው፤ የተጣበቀበት ነገር ካለ ንዝረቱን ይውጠዋል። ክፍተት ከተተወ ግን ከበሮ ነው።

ጣሪያው ወደ 90 ካሬ ሜትር ይጠጋል። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። 40 ሚሊሜትር የጣለ ቀን 3,600 ሊትር ውሃ በአንድ አሸንዳ ይወርዳል። ይሄን ሁሉ በአንድ ቱቦ ቁልቁለት ላይ መልቀቅ ማለት መሬቱን አልነካም ብሎ ከርሞ በመጨረሻ ቦይ መቆፈር ነው። አሸንዳው በሁለት ቱቦ ይወርዳል፤ ቱቦዎቹ የከፍታውን መስመር ተከትሎ በተቆፈረ፣ ጠጠር በተሞላ ጉድጓድ ውስጥ ይገባሉ። ጉድጓዱ ቁልቁል አይሄድም፤ ጎን ለጎን ነው። ውሃው በርዝመቱ ሁሉ ቀስ ብሎ ይሰርጋል። ከዛፉ ክብ ውጭ ነው የተቆፈረው። አሸንዳውም ጋልቫናይዝድ፣ ማለትም ዚንክ የለበሰ፣ ነው። የመዳብ አሸንዳ ያምራል ያለኝ ሰው ነበር። ከመዳብ የሚንጠባጠብ ውሃ ግን ዚንክ ይበላል፤ ከታች ያለው ብረት ሁሉ ዚንክ ነው።

ለምዕራቡ ወገን የጣሪያው ክንፍ አይበቃም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ዝቅ ትላለች፤ ክንፉን ሁለት ሜትር ብታወጣው ከሥሩ ትገባለች። የሚይዛት ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ነው። ላሜራ ታጥፎ ቋሚ ክንፎች ተሠሩ፤ ፊታቸው ወደ ዛፉ የዞረ። ዛፉ ይታያል፣ ፀሐይዋ አትታይም።

በዚህ ረገድ አውስትራሊያዊው አርክቴክት ግሌን መርከት ብዙ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2002 የፕሪትዝከር የአርክቴክቸር ሽልማት የተሰጠው ሰው ነው። በአውስትራሊያ ሰሜናዊ ግዛት፣ ዪርካላ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 የተጠናቀቀው የማሪካ አልደርተን ቤቱ በብረት አጥንት ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ የቆመ ነው። መስኮቱ ላይ መስታወት የለም፤ በሚከፈቱ የእንጨት ሰሌዳዎችና በጎን ክንፎች ነው ነፋሱንና ፀሐይዋን የሚያዝዘው። ብረቱ ትኩረት አይስብም። ቤቱን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው አየሩን ነው።

ዝገቱ ራሱን የሚሸፍነውን፣ ኮርቴን የሚባለውን ብረት ለክንፎቹ አስቤ ነበር። ቀለሙ ከአለቱ ጋር ይሄዳል። ተውኩት። ያ ብረት ዝገቱ እንዲጠና እየራሰና እየደረቀ መፈራረቅ አለበት፤ ውሃ የሚቋጥር እጥፋት ካለው መዛጉን አያቆምም። የእኛ ክንፎች እጥፋት የሞላባቸው ናቸው። ከእሱ የሚወርደው ቡናማ ውሃም የኮንክሪት እግሮቹን ያቆሽሻል።

የቀረው

ደረጃው አልተገጠመም። ክርክሩ የታችኛው ጫፉ የት ይረፍ የሚለው ነበር። መሬት ላይ ከታሰረ፣ ከላይ ደግሞ ከቤቱ ጋር ከተበሎነ፣ ሰያፍ ድጋፍ ሆኖ ያርፋል፤ ቤቱ ወደ ጎን ሲገፋ አጭሩን ቋሚ ያላቀቅንለትን ጭነት ደረጃው ይቀበላል። ኢንጂነሯ ይህን ገና ከመግለጼ ነው የያዘችው። ስለዚህ ደረጃው ከላይ ብቻ ይንጠለጠላል፤ ታች ያለው እግሩ ትንሽ የኮንክሪት ሰሌዳ ላይ ተቀምጦ ይንሸራተታል። የብሎን ቀዳዳው ክብ ሳይሆን ረዘም ያለ ነው፤ በሁለቱም በኩል 3 ሳንቲሜትር መሄጃ አለው። ጋሼ ቀዳዳውን ሲያየው «ይሄ ተሳስቶ የተቆረጠ ነው» ብሎ ሊደፍነው ነበር። አስረዳሁት። ሰምቶ ሲያበቃ በጠመኔ «አይደፈንም» ብሎ ላዩ ላይ ጻፈበት፤ ቁራጩ አሁን ከመጨረሻው ዙር ጋር ወደ ዚንክ ገንዳው ሄዷል።